በመቀነቴ የቋጠርኳት ዳዶ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፣ ለልጄ አልነገርኩም፣ ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ የኖርኩት ሌላ ሌላውን ነው፤ ጾም መግደፌን፣ ጎረቤት ማማቴን፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ማንጎላጀቴን። እሳቸው ስግደት ያዙኛል፣ እኔ እሰግዳለሁ፣ ተሳልሜ እወጣለሁ። ይህቺኛዋን ግን ይዣት ቀርቻለሁ። ለምን? ይቅር አይሉኝም ብዬ ፈርቼ እንዳይመስላችሁ። ይቅር ይሉኝ ነበር። እኔ ነኝ ይቅር የሚለኝ ሰው ያልፈለግኩት። ይቅር በሉኝ ካልኩ ተጸጽቻለሁ ማለት ነዋ!

እንግዲህ እናንተ ስሙኝ። አታውቁኝም፣ አላውቃችሁም፤ ለእንዲህ ያለ ነገር እንዲህ ያለ ሰው ይሻላል። አልቅሼ እንደማልነግራችሁ ግን ከወዲሁ እወቁት። እንባ የምትጠብቁ ካላችሁ ሌላ ሴትዮ ፈልጉ።

ሰው የበደልኩት በአንዲት ዳዶ ነው። ከአውራ ጣቴ ጫፍ በማትበልጥ፣ ብሎን ላይ እየዞረች በምትጠብቅ፣ የሞተር ሳይክል የኋላ ፍሬን በምትይዝ ዳዶ።

ዘመኑ የጃንሆይ ዘመን ነው፤ ወደ ማብቂያው ገደማ። ቤታችን ኮልፌ፣ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ባሌ በቀለ ሞተር ሳይክል ይጠግናል። ጋራዥ እንለዋለን እንጂ ከቤታችን ፊት የተዘረጋ ቆርቆሮና አንድ የእንጨት ጠረጴዛ ነው። በቀለ ሙያውን የተማረው ጣልያን ጋ ተቀጥሮ ስለሆነ ሞላ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ እያለ ያዘኛል፤ እኔም እየሰማሁ ለመድኩ። መጀመሪያ በናፍጣ ዕቃ አጥብለት ነበር። ቆይቶ ጣቶቼ ቀጫጭን መሆናቸውን ሲያይ የኋላ ፍሬን ትንንሽ ዕቃ መቀየሩን ለእኔ ተወው። ሴት ፍሬን ትሠራለች እንዴ ብለው የሚስቁ ነበሩ። ይስቁ ይስቁና ሞተራቸውን ለእኔ ሰጥተው ይሄዳሉ።

ነገሩ ቀላል ነው። እግር የሚረግጠው ፔዳል አለ፤ ከፔዳሉ ተነስቶ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድ ቀጭን ብረት አለ። ብረቱ ከጎማው መሐል፣ ከታምቡሩ የወጣችውን ክንድ ይጎትታል። ክንዷ ስትጎተት ውስጥ ያለው ሸራ ታምቡሩን ጥርቅም አድርጎ ይይዝና ሞተሩ ይቆማል። ብረቱና ክንዷ የሚገጣጠሙበት ቦታ ላይ ሦስት ትንንሽ ዕቃዎች አሉ፤ አንዲት ድቡልቡል ፒን፣ አንዲት ሞላ፣ አንዲት ዳዶ። ዳዶዋ ከጫፍ ገብታ ሁሉንም ትይዛለች። ፊቷ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ እየጠበቀች ሄዳ ፒኗ ላይ ቁጭ ባለች ቁጥር ቀጭ ትላለች። ያን ድምፅ ጆሮዬ ይወደው ነበር። እሷ ከሌለች ወይም ጥርሷ ካለቀ፣ ፔዳሉን መሬት እስኪነካ ብትረግጡትም ሞተሩ አይሰማችሁም።

አሁን ስለ ልጄ ልንገራችሁ። ፀዳለ ትባላለች። ልጄ እላታለሁ፣ ልጄም ናት፤ ከእኔ ማኅፀን ግን አልወጣችም። እኔ የወለድኳቸው ሳይድኹ ነው የሞቱብኝ። ፀዳለን የወለደቻት ጥሩነሽ የምትባል የባሌ የሩቅ ዘመድ ናት፤ አገሯ ከአዲስ ዓለም ወዲያ ነው። ፀዳለን ታቅፋ ሳለች ባሏ ሞተባት፤ ሌሎቹም ልጆች ገና አልጠኑላትም። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ በወጉ መሠረት ጡቴን ማር ቀብተው ሕፃኗን ሰጡኝና የጡት ልጄ ሆነች። እናቷ የሚለውን ስም ከዚያች ቀን ጀምሮ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ለሌላ ሰው አልሰጠሁትም።

ጥሩነሽ ያን ቀን አላለቀሰችም። እጄን ያዝ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፤ «ያንቺ ናት። እናትሽ ነኝ አልላትም፣ ደጅሽም ድርሽ አልልም። አንድ ቀን ግን ፊቷን ልየው ብዬ ከላክሁብሽ እንዳትከለክይኝ። አንድ ቀን ብቻ።»

«አልከለክልሽም፤ መድኃኔ ዓለም ምስክሬ ነው» አልኳት።

ማልኩ። እኔ ነኝ የማልኩት። ማንም እጄን አልጠመዘዘኝም።

ከዚያ ኮልፌ መጣን። እዚህ ማን ያውቀናል? ጎረቤታችን እትዬ ዘምዘም ፀዳለን ባዩ ቁጥር «ቁርጥ አንቺን!» ይሉኝ ነበር። ቁርጥ እኔን! ከእኔ ጋር የሚያመሳስላት አንድም ነገር አልነበረም። ቁርጥ ጥሩነሽን ነበረች፤ ፍንጭቷ የጥሩነሽ፣ ስትስቅ በአንድ ጉንጯ ብቻ የሚሰረጎደው የጥሩነሽ። እያደገች በሄደች ቁጥር እየባሰባት ሄደ። ሁለቱ አንድ ጊዜ ፊት ለፊት ቢቀመጡ ማንም ምንም መናገር እንደማያስፈልገው አውቅ ነበር። መስታወት አይታ የምታውቅ ልጅ ናት። እንዲህ እያልኩ በሆዴ ስፈራ ኖርኩ።

ጥሩነሽ ቃሏን ጠበቀች። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ አንድም ቀን አልላከችም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ላከች።

የላከችው ድሬሰር ተፈራን ነው። ተፈራ በዚያ አገር ክሊኒክ መርፌ የሚወጋ፣ ቁስል የሚያጥብ፣ ገበሬው ዶክተር እያለ የሚጠራው ወጣት ነበር። የመሥሪያ ቤት ሞተር ሳይክል አለው፤ መድኃኒት ለመውሰድ ከተማ ሲመጣ እኛ ጋ ቆም ብሎ ያሳየዋል።

«ጋሽ በቀለ፣ የኋላ ፍሬን ጭራሽ እምቢ አለኝ» አለና ከኪሱ ትንሽ የወረቀት እሽግ አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝ። «ዕቃውን ከመሥሪያ ቤት ተቀብያለሁ፤ አልከፈትኩትም፣ እንደታሸገ ነው።» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መልእክትም አለብኝ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ታመዋል፤ በጣም ታመዋል። የክርስትና ልጄ ፀዳለ እነጋሽ በቀለ ቤት ናት፣ አምጣልኝና ፊቷን ልየው ብለውኛል።»

የክርስትና ልጄ! እንዲህ ነው ያለችው። ተጨንቃ ተኝታም እንኳ ምስጢሩን ለድሬሰሩ አላወጣችም።

በቀለ ወደ ጎን ወሰደኝና «ቃል ገብተናል፤ ትሂድ» አለኝ። እሺ አልኩት። በቀለ ለተፈራም፣ እኔ ፍሬኑን እንደምሠራለት፣ ከሰዓት ሲመለስ ሞተሩም ልጅቷም እንደሚጠብቁት ነገረው። ራሱ ከሳንሱሲ ወዲያ የቆመ የወፍጮ ሞተር ሊያስነሳ ተጠርቶ ነበርና ዕቃውን ተሸክሞ ሄደ፤ እዚያው እንደሚያድርም ነገረኝ። ተፈራ መድኃኒቱን ሊያመጣ በአውቶቡስ ወደ ከተማ ወረደ። እኔ፣ ፀዳለና ሞተሩ ቀረን።

ሥራዬን ጀመርኩ። አሮጌዋን ዳዶ ፈታሁ፤ ጥርሷ አልቆ በጣት ትዞራለች። ሞላዋ ዝጋ ሳስታለች። ፒኗ በአንድ ጎኗ ተበልታለች። እሽጉን ከፈትኩት፤ ሦስቱም ዕቃዎች ውስጡ አሉ፣ ዘይታቸው ገና አልደረቀም። ብረቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርጌ ግሪስ ቀባሁት። አዲሷን ፒን ከተትኩ፣ ሞላዋን አስገባሁ፣ ዳዶዋን አጠበቅኩ። ቀጭ፣ ቀጭ። ጎማውን በእጄ አሽከርክሬ ፔዳሉን ስጫነው ቀጥ አለ። ይህን የምነግራችሁ ሙያዬን ላወራላችሁ አይደለም። የፍሬኑ ሥራ አልቆ እንደነበር እንድታውቁት ነው። ጨርሼው ነበር። ከጨረስኩት በኋላ ነው የፈታሁት።

ፀዳለ ታጥባ፣ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ከሞተሩ የኋላ ወንበር ላይ ወጥታ ቆሎ ትበላ ነበር። ሞተር ላይ ወጥታ አታውቅም። ደስታዋ አያስቀምጣትም።

«እማዬ፣ ሲሄድ ምን ልያዝ?»

«የዶክተሩን ወገብ።»

«ብወድቅስ?»

«አትወድቂም» አልኳት።

ሳቀች። ስትስቅ ፍንጭቷን አየሁት፣ ጉንጯ ላይ ያለውን ጉድጓድ አየሁት፤ ጥሩነሽን አየኋት። ፀዳለ ወደ መንገዱ ዞር ስትል ጎንበስ ብዬ አዲሷን ዳዶ ፈታኋት። በመቀነቴ ጫፍ፣ ሳንቲም በምቋጥርበት ቦታ ቋጠርኳት። አሮጌዋን መለስኩና እጄን በጨርቅ ጠረግኩ።

ያን ጊዜ ለራሴ የነገርኩትን ደግሞ ስሙ። ጥሩነሽ ሞታለች አልኩ። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ እኛ አገር ሞት በቀጥታ አይነገርም። መንገደኛ ይላካል፣ ትንሽ አሟት ነው ይባላል፣ ልታይህ ፈልጋለች ይባላል፤ ሰውየው ተጣድፎ ሲደርስ ደጁ ላይ የተቀመጠውን ለቀስተኛ ያያል። የራሴን አባት መርዶ የሰማሁት እንዲህ ነው፤ ጉንፋን ይዞት ነው ብለውኝ፣ ለጉንፋኑ ማር ይዤለት ሄጄ። መርዶ ይዞ እውነቱን የሚናገር ማን አለ? ስለዚህ ተፈራን አላመንኩትም። ሞታለች፣ ልጄን የሚወስዷት ለለቅሶ ነው አልኩ። ለቅሶው ላይ ደግሞ አልቃሽ ትነሳለች፤ ሟቿን በልጆቿ ስም እየጠራች ታስለቅሳለች፤ የፀዳለንም ስም ከሌሎቹ ልጆች ጋር ትጠራዋለች። ልጄ በማታውቀው ሕዝብ መሐል ቆማ የማን ልጅ እንደሆነች ከአልቃሽ አፍ ልትሰማ ነው! የሞተ ሰው ደግሞ አይቸኩልም። ሽማግሎች ተሰብስበው መርዶ ሲደብቁ አስተዋዮች ይባላሉ፤ እኔ ብቻዬን ብደብቅ ኃጢአቱ ምኑ ላይ ነው? እንዲህ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ፤ ጎበዝ ጠበቃ ነበርኩ።

ቀትር ላይ ዳዶዋን መፍታቴን በዚህ ማሳበብ እችላለሁ። የከሰዓቱን ግን አልችልም።

ከሰዓት ተፈራ አንድ ካርቶን መድኃኒት ተሸክሞ መጣ። ካርቶኑን ሞተሩ ላይ ከማሰሩ በፊት አንዲት ጠርሙስ መዝዞ ሰጠኝ።

«እትዬ አስካለ፣ ይህቺን ለብቻ ይያዙልኝ፤ እንዳትሰበርብኝ። የወይዘሮ ጥሩነሽ ናት። አታድናቸውም፤ ሕመሙን ግን ታስታግስላቸዋለች።»

ጠርሙሷን ተቀበልኩ። ለሞተ ሰው መድኃኒት የሚገዛ የለም። ጥሩነሽ በሕይወት ነበረች። ታማ ነው፤ ልትሞት ነው፤ ፊቷን ልየው ያለችውም እውነቷን ነው። አወቅሁ። በአንድ እጄ ጠርሙሷን ይዣለሁ፣ ዳዶዋ በመቀነቴ አለች። ቋጠሮ ለመፍታት ምን ያህል ይፈጃል? ወድቃ ነበር፣ ይኸው አገኘኋት ብል ማን ይመረምረኛል? ምንም አልነበረም። ማድረግ የሚገባኝን አወቅሁ፣ ማድረግም እችል ነበር፣ አላደረግኩም። በደሌ ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

«ዳዶዋ እሽጉ ውስጥ አልነበረችም» አልኩት።

እሽጉን ከመሬት አንስቶ አራገፈው። ወረቀቱን ገልብጦ አየው። ተንበርክኮ አሮጌዋን ዳዶ ሊያጠብቅ ሞከረ፤ ከጣቱ ሥር ሾለከች። ደጋግሞ ሞከረ። እኔ ከአጠገቡ ቆሜ አየሁት።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከፍቼ ማየት ነበረብኝ» አለ። ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈና ፀዳለን አያት። «ብቻዬን ብሆን በፊተኛው ፍሬን እየያዝኩ እንደምንም እወርዳለሁ። ያን ቁልቁለት ግን የሰው ልጅ ከኋላዬ አስቀምጬ አልወርደውም።»

ቁልቁለቱን አውቀዋለሁ፤ ከአዲስ ዓለም ወዲያ ወደ ወንዙ የሚወርደው ነው። እውነቱን ነበር። የጠዋቱ አውቶቡስ ደግሞ ሄዷል፤ ሌላ የለም። ፀዳለ ከወንበሩ ወርዳ ግድግዳውን ተደግፋ አነባች። ተፈራ አይዞሽ፣ ሌላ ጊዜ ይዤሽ እሄዳለሁ አላት። ለእኔም፣ ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ አዲስ ዓለም ብትልኳት እዚያ በቅሎ ይዤ እጠብቃታለሁ አለኝ። እሺ አልኩት። ጠርሙሷን ከደረቱ ኪስ ከትቶ፣ በእግሩ መሬት መሬቱን እየነካ ቀስ ብሎ ሄደ።

እሑድ አልላክኋትም። ማን ይውሰዳት፣ ባሌ የለም አልኩ። እኔ እግር አልነበረኝም? የአውቶቡስ ደረጃ መውጣት ያቅተኝ ነበር? አላቃተኝም። አልፈለግኩም።

እሑድ ማታ በቀለ መጣ። የሆነውን ነገርኩት፤ ለተፈራ እንደነገርኩት አድርጌ። እጁን እየታጠበ ሰማኝና «ታዲያ ብረቱ ላይ ቀጭን ሽቦ ጠምጥመሽ አሮጌዋን ለምን አላጠበቅሽበትም?» አለኝ። «ላንድ መንገድ ትበቃ ነበር። አስተምሬሽ የለም እንዴ?»

አስተምሮኛል። ብዙ ጊዜ ሠርቼዋለሁ። እንደማውቀውም ያውቃል።

«ጠፋኝ» አልኩት።

ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ፎጣውን ሰቅሎ ወደ ውስጥ ገባ። ነገ ራሴ ይዣት እሄዳለሁ አለ። ሰኞ ማለዳ እየተሰናዱ ሳለ መርዶው መጣ፤ ጥሩነሽ ከተቀበረች አድሯል። በቀለ ለብቻው ለቅሶ ሄደ። ለፀዳለ የክርስትና እናትሽ ሞተች አልናት፤ ለማታውቃት ሴት የሚታዘነውን ያህል አዘነች። እኔ ነጠላዬን ዘቅዝቄ የመጡትን ጎረቤቶች ተቀበልኩ። እትዬ ዘምዘም እጄን ይዘው አጽናኑኝ።

ተፈራ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ በቀለ ቤት አልነበረም፤ ዳዶዋን መርካቶ አግኝተንልዎታል አልኩት። አመሰገነኝ። ከሞተሩ ኋላ ተንበረከክሁ፤ እሱ ከጀርባዬ ሳጥን ላይ ተቀምጦ እየጠበቀኝ ያወራኝ ጀመር።

«አንድ ነገር ከንክኖኛል እትዬ አስካለ። ያን ዕለት ቁልቁለቱን ስወርድ ሴትዮዋ የሞተሩን ድምፅ ሰምተዋል። ስንት ቀን ሙሉ ቀና ብለው የማያውቁት ሰው፣ ቀና አድርጉኝ አሉ። ፀጉሬን ያዙልኝ፣ የክት ነጠላዬን አልብሱኝ አሉ። ስገባ ተቀምጠው በሩን ነው የሚያዩት።»

ዳዶዋን ከመቀነቴ አውጥቼ ብረቱ ላይ አስገባኋት። መዞር ጀመረች።

«ብቻዬን ገባሁ» አለ። «ፍሬኑ እምቢ አለኝ፣ ልጅቷን አስቀምጬ ያን ቁልቁለት መውረድ ፈራሁ አልኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እንኳን አላመጣሃት አሉኝ። እንኳን አላመጣሃት ልጄ፣ ብትወድቅብኝስ? ብለው መረቁኝ። ከዚያ መልሱኝ አሉና ተጋደሙ። መድኃኒቱንም አልፈለጉትም። ሲነጋ የሉም።»

ቀጭ አለች ዳዶዋ። ቀጭ። ፊቴ ወደ ጎማው ስለነበር አላየኝም። መዞር እስክታቆም ድረስ አጠበቅኳት፤ ከዚያ እንደ ሥራው ወግ ጎማው ሳይታሽ እንዲዞር ትንሽ አላላኋት። ፔዳሉን ረገጥኩ፤ ያዘ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ተፈራ እንደገና። «እሽጉን ከፍቼ ማየት ነበረብኝ።»

«አይዞዎት» አልኩት። አይዞዎት! ከዚያም በኋላ በመጣ ቁጥር ያን እሽግ ያነሳዋል፤ ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ሊሰናበተን የመጣ ቀን እንኳ አነሳው። በእኔ ዳዶ እየቆመ፣ ለእኔ ጥፋት ራሱን እየወቀሰ ሄደ። ወዴት እንደገባ አላውቅም።

በቀለ ከዚያች እሑድ በኋላ የኋላ ፍሬን ሰጥቶኝ አያውቅም። ዓይንሽ እንዳይደክም፣ ተይው አለኝ። ዓይኔ ደህና ነበር። እስኪሞት ድረስ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም፤ አንድ ገበታ እየበላን ያን ነገር በመሐላችን አስቀምጠን ኖርን።

ፀዳለ ግን ቀረችልኝ። አደገች፣ ተማረች፣ ተዳረች፣ ወለደች። ምጥ ሲይዛት እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ። እማዬ ብላ የጮኸችው እኔን ነው። የፈለግኩትን አገኘሁ። አላገኘሁም ብዬ ብዋሻችሁ ምን ይጠቅመኛል? በበደል የተገኘ ደስታ አያምርም የምትሉ ካላችሁ መጥታችሁ እዩኝ፤ አምሮብኛል።

ታዲያ ዛሬ ምን አናገረኝ? ባለፈው በዓል የልጅ ልጄ አዲስ ሞተር ሳይክል ገዝቶ ግቢው ውስጥ እየነዳ ገባ። ቤተሰቡ በሙሉ ወጥቶ ከበበው። አያትህ እኮ ፍሬን ትሠራ ነበር ተባለና ሳቅ ሆነ። ያን ጊዜ ፀዳለ፣ ፀጉሯ የሸበተው ልጄ፣ ትከሻዬን አቅፋ ማውራት ጀመረች።

«እማዬን አታውቋትም እናንተ! ልጅ ሆኜ አንድ ሐኪም በሞተር ይዞኝ ሊሄድ ነበር። እሷ ሆዬ፣ እወድቅባታለሁ ብላ ፈርታ፣ የፍሬኑን ዳዶ ፈትታ መቀነቷ ላይ ቋጠረቻታ! ከሞተሩ ላይ ሆኜ አይቻታለሁ። ሰውየው እሽጉን ሲያራግፍ እሷ ቆማ ታየዋለች! ያን ዕለት አልቅሼ ነበር። ስወልድ ነው የገባኝ፤ ለካ እናት እንዲህ ናት።»

ሁሉም ሳቁ። ፀዳለ ጉንጬን ሳመችኝ። እኔም ሳቅሁ።

ይህን ሁሉ ዓመት ታውቅ ነበር። አይታኛለች። ያየችውንም በሆዷ ይዛ፣ ፍቅር አድርጋ አሳድጋዋለች።

እዚህ ላይ ነው ይህን ምስጋና መሸከም አልችልም ያልኩት። እኔ ያን ዕለት ትወድቃለች ብዬ ለአንዲት አፍታ አልፈራሁም። ፍሬኑ ደህና ነበር፣ የሠራሁት እኔ ነኝ። አትወድቂም ብያታለሁ። የፈራሁት ለእሷ አልነበረም፤ ለራሴ ነው። ብትወድቅብኝስ ያለችው ሌላ ናት። የክት ነጠላዋን ለብሳ በሩን ስታይ ቆይታ፣ ልጅቷ ስትቀርባት እንኳን ቀረች ያለችው ሌላ ናት። ልጅቷን ወሰድኩባት፣ ፊቷን ከለከልኳት፤ ይኸው አሁን ደግሞ በእሷ ፍርሃት እኔ እመሰገናለሁ፣ በእሷ ፍርሃት እኔ እሳማለሁ።

ይቅርታ ልጠይቅ? አንድ ሰው እጠይቃለሁ። ተፈራ፣ ካለህ ስማኝ፤ እሽጉ ሙሉ ነበር። ምንም አላጠፋህም። እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።

ጥሩነሽን አልጠይቅም። እሷን ይቅር በይኝ ማለት ልጅሽን እንኪ ማለት ነው፤ አልልም። ያቺ ቅዳሜ ዛሬ ተመልሳ ብትመጣ፣ ጠርሙሷም በእጄ፣ ዳዶዋም በመቀነቴ ብትሆን፣ አልፈታትም። ስለዚህ ተጸጸተች ብላችሁ አታውሩብኝ። ፍርዱንም እንደፈለጋችሁ ፍረዱት፤ ከእናንተ በላይ የሚፈርድብኝ ስላለ አልሰጋም።

የእኔ ያልሆነውን ግን ይዤ አልሞትም። ፀዳለ፣ ያን ዕለት ትወድቃለች ብላ የፈራችልሽ እኔ አይደለሁም። እናትሽ ናት።